የማሽላው ሕግ

እኔ ኡሙሃኒ ከተፈጥሮዬ ትዕግሥት የሚባል ነገር የለኝም፤ ጨዋታ ሲበላሽብኝማ አያድርስ ነው። ሆኖም በ1979 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ቆቦ ግቢያችን ውስጥ የተጫወትነውን ባሰብኩ ቁጥር አልሃምዱሊላህ እላለሁ።

ታላቅ ወንድሜ በድረዲን ከግንባር ቆስሎ ሲመለስ እያነከሰም ቢሆን ይራመድ ነበር፤ የታሰረው አንደበቱ ነው። ጓዳ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እናታችን ራህመት "ልጄ፣ እንዴት ተረፍክ?" ብትለው መልስ የለውም። በቁሙ እያለቀብን ነበር።

ከጓዳ ያስወጣው የሽፍታ ጨዋታችን ነው። ከጎረቤታችን ከአራጌ ጋር በልጅነታችን የፈጠርነው ሲሆን ካደግንም በኋላ አልተውነውም። እያንዳንዱ ተጫዋች ከጭቃ አንድ ሰው ይሠራል፤ መሬት ላይ በተሠመረ ሜዳ ያቆመውና ሰውዬው የሚያደርገውን እያወራ ያጫውተዋል። መምታት አለመምታቱን የሚወስነው የተሰነጠቀ የጥንቅሽ አገዳ ነው፤ ተወርውሮ ነጭ ሆዱ ወደ ላይ ከሆነ መታ፣ ጀርባው ከሆነ ሳተ። ዳኛዋ እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በድረዲን እያነከሰ መጣና አጠገባችን ቁጭ ብሎ ጭቃ አነሣ። ለሠራው ሰው ዱላ አስያዘው።

"ኧረ ጠመንጃ ስጠው!" አለው አራጌ።

"በጭቃም ቢሆን ጠመንጃ አልይዝም።"

ከመጣ ጀምሮ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም።

የአራጌ ሰው ግን ምንሽር ይዟል። የወንድሜን ዱለኛ ገና መንገድ ሲጀምር ጧ! አድርጎ ይጥለዋል። እንደገና ይነሣል፤ እንደገና ጧ! ዱላ የሚመታው ሲደርስ ነው፤ ማን ያደርሰዋል? አራጌ ጥንቅሽ እያኘከ ይስቃል፤ አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ። በድረዲን የጭቃ ሰውዬውን አስተኝቶ ወደ ጓዳው ለመመለስ ተነሣ። አሁን ከገባ ዳግመኛ እንደማይወጣ ታወቀኝ።

"ቆይ!" አልኩ ዘልዬ። "ይሄ ሜዳ የምንድን ነው?"

"የኛው ማሳ ነዋ" አለ አራጌ።

ልክ ነው። ማሽላው ታጭዶ ስላለቀ ከደጃችን እስከ ዞብል ተራራ የሚታየው ባዶ መሬት ነበር፤ እኛም ሞኞቹ ያየነውን ሜዳ እንዳለ አሥምረነዋል። ከአጥሩ ሥር ደረቅ ሣር እየነቀልኩ ሜዳው ላይ ሰካሁበት።

"ይኸው፣ መስከረም ነው። ማሽላው ከሰው ቁመት አልፏል። አንድ ክንድ ያህል ካልቀረቡህ በቀር ምንሽርህ ማንንም አያይም!"

"ዳኛዋ ለወንድሟ አደላች! እንዲህ ከሆነማ ሁልጊዜ ዱላው ሊያሸንፍ አይደል?"

አልዋሸም።

"የሚሮጥ ሰው ማሽላውን ያወዛውዘዋል" አለ በድረዲን። እንደቆመ ሜዳውን ያያል። "ሲወዛወዝ ጠመንጃው ይተኩስ። የሚድህ አይታይም፤ ግን እሱ እስኪደርስ ባለጠመንጃው ቦታ መቀየር ይችላል።"

አራጌ ማኘኩን ተወ። "ጥሩ ሕግ ነው። ከየት አመጣኸው?"

በድረዲን ተመልሶ ተቀመጠ።

"ጓደኞቼ ሮጡ" አለ። "እኔ እግሬን ተመትቼ ስለነበር መሮጥ አቃተኝ። ማሽላው ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። ጥይቱ የሚሄደው አገዳው ወደተወዛወዘበት ነበር። አንድ በአንድ ሲወድቁ እሰማለሁ። ከዚያ እየዳህኩ ወጣሁ።"

እንባው ወረደ። አራጌ ትከሻውን ያዘው። እኔም ያለ ሃፍረት አለቀስኩ፤ ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ወንድሜ ገና አሁን ቤቱ ገባ።

እናታችን ለካ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ማሽላው የማን ነበር ልጄ?"

"አላውቅም እማ። ባለቤቱን አላየሁትም። ግማሹን ሰብረንበታል።"

እጆቿን ዘረጋች።

"ያረቢ፣ ስሙንም ሃይማኖቱንም አላውቀውም፤ አንተ ታውቀዋለህ። ልጄን ሸሽጎልኛልና ልጆቹን ሸሽግለት። የተሰበረበትን እጥፍ አድርገህ መልስለት።"

"አሚን" አልን። ከሁላችንም ጮክ ብሎ ያለው በድረዲን ነበር።