ምሰሶውና ሰብውፈሩ

ልብስ ሰፊዋ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአባቷ ጋር አንድ ቤት ኖራለች፤ አባቷን ግን ሰምታው አታውቅም። ዲዳ ሆኖ አይደለም። ሰውየው በጉብዝናው ጊዜ ከዘፈኑ ሥር ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው የቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር፤ እሷ በተወለደች ዓመት ከባንዱ ጋር የቀዳው አንድ አልበም አለ። ያንን ካሴት ከስፌት መኪናዋ አጠገብ በተቀመጠችው ትንሽ ቴፕ ስትሰማው ነው ያደገችው። ዘፋኙ አጎቷ ይሰማል፣ ሳክስፎኑ ይሰማል፣ ከበሮው እንኳ ጣሳ ጣሳ እያለም ቢሆን ይሰማል። አባቷ ግን የለም። ልጅ ሳለች «አባባ፣ አንተ የቱ ጋ ነህ?» ብላ ስትጠይቀው «ከታች ነኝ» ይላት ነበር። ትሕትና መሰላት። ለካ ሰውየው አድራሻውን ነው የነገራት።

መድረክ ላይ ሳይነቃነቅ ስለሚቆም «ምሰሶ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። ያወጣለትም ባዳ አይደለም፤ የገዛ ታናሽ ወንድሙ፣ ያ ዘፋኝ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ አንድ ቀን በማይክሮፎን የወረወራት ቀልድ ሰውየው ላይ ተለጥፋ አብራው ሸበተች።

ይኸው አጎቷ ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። አልበሙ በአዲስ መልክ ሊወጣ ነው። የመጀመሪያው ቅጂ ላይ አብረው ቢጫወቱም የእያንዳንዱ መሣሪያ ድምፅ በየራሱ መስመር ስለተቀዳ፣ የፈለጉትን ማውጣትና መተካት ይቻላል አሉ።

«ቤዙን አውጥተን በኪቦርድ እንተካዋለን። ዘመኑ ነው እንግዲህ» አለ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ እያስተካከለ። «አንተ ስትወጣ ስምህም ከሽፋኑ ላይ ይወጣል። ቅሬታ የለኝም ብለህ እዚህች ጋ ፈርምልኝ፣ ምሰሶ።»

«የምን ቅሬታ» አለ አባቷ፤ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ። እጁ ከታመመ ወዲህ እየተንቀጠቀጠ ኪሱን ራሱ ለማግኘት ጊዜ ይወስድበታል።

ልጅቷ ደሟ ፈላ። «ጋሼ፣ ሰው ከተጫወተበት ዘፈን ውስጥ እንዴት ይወጣል?»

«ልጄ፣ እስቲ እውነቱን እንነጋገር» አላት አጎቷ። «አንቺ ራስሽ ስትሰሚው ኖረሻል። አባትሽን አንድ ቀን ሰምተሽዋል?»

ያቃጠላት ይሄ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ ትስቅበት ነበር።

«እስክሪብቶ የለንም» አለች። እስክሪብቶዋ ልኬት ስትጽፍበት ቆይታ ጆሮዋ ላይ እንደተሰካ ነው። «እሁድ ከሰዓት ይምጡ፤ እስከዚያ እንፈልጋለን።»

በማግሥቱ ቴፕዋን አቅፋ መንገዱ ማዶ ወዳለው ራዲዮ ጠጋኝ ሄደች፤ «የአባቴ ቤዝ አይሰማበትም» አለችው። ሰውየው ቴፑን አገላብጦ አየው፤ አንድ ዘፈን አዳመጠ፤ ሳቀ።

«ምንም አልሆነም፣ እህቴ። አፉ ጠቦ ነው እንጂ። በዚህች አፍ ወፍራም ድምፅ አይወጣም። ሰብውፈር ነው የሚያስፈልግሽ።»

«ማን ነው የሚወፍረው?»

«ድምፁ ነዋ!» አለ ጠጋኙ፤ ከመደርደሪያው ሥር የቡና ስኒ ሳይሆን የጎመን ማሰሮ የሚያህል ድምፅ ማጉያ የተገጠመባት ጥቁር ሳጥን እየጎተተ አወጣ። «ስሙ ራሱ ትእዛዝ ነው። ውፈር ሲሉት ይወፍራል።» ከሳጥኑ ጋር ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች አሉ። ወፍራሙን ድምፅ ሳጥኑ ሲሸከምላቸው እነሱ ቀጭኑን ብቻ ይዘው ጥርት ብለው እንደሚዘፍኑ አስረዳት። የሱቁን መጋረጃ ልትሰፋለት ተስማምታ ዕቃውን ወሰደች።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ በእግሩ ዞር ዞር ሊል ሲወጣ ሥራዋን ጀመረች። የመጀመሪያ ስሕተቷ የባለሙያ ሴት ስሕተት ነበር፤ ሳጥኑን ቁም ሣጥን ላይ ሰቅላ ዳንቴል አለበሰችው። ቤቱን አሳመረው። ዘፈኑ ሲጀምር ግን ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ፤ ድምፁም ማሰሮ ውስጥ እንደገባ ንብ እምምም ብሎ ቀረ። ከታች የምትኖረው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ደበደበች።

«የባልሽን ማንኮራፋት ስንት ዓመት ችዬልሻለሁ!» ብላ ልጅቷ ወደ ወለሉ ጮኸች። መጥረጊያው ቆመ።

ወደ ጠጋኙ ደወለች።

«ዳንቴል?» አለ ሰውየው፤ ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቀችው። «ወለል ላይ ነው የሚቀመጠው። ቦታውንም በዓይንሽ አትምረጪ። ሳጥኑን አባትሽ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አድርጊና አንቺ ወለሉን እየዳኽሽ አዳምጪ። ድምፁ አምሮ የተሰማሽ ቦታ ላይ አምጥተሽ አስቀምጪው። ደግሞ እንዳታበዢው። ሲዘጋ ብቻ መኖሩ የሚታወቅ ከሆነ ልኩ እሱ ነው።»

ሳጥኑን እንደ እንግዳ አባቷ ወንበር ላይ አስቀመጠችው፤ ቀሚሷን ሰብስባ ዳኸች። መስኮቱ ሥር ድምፁ ሳስቶ ጠፋባት። በሩ ጋ አጓራባት። ከስፌት መኪናው ጀርባ፣ የተቆራረጠ ጨርቅ የምታጠራቅምበት ጥግ ስትደርስ ግን ቀጥ አለች። አንድ ሰው ከዘፈኑ ሥር ይራመዳል። አይቸኩልም። ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ዘፋኙ ሲያቃስት ቆም ብሎ ይጠብቀዋል፣ እንደገና ይራመዳል። ጣቱ ክሩን ሲለቅ ሳይቀር ይሰማታል። ያ ጣሳ የነበረው ከበሮ እንኳ ሥጋ ለበሰ። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አባቷን ገና መስማቷ ነው። እንባዋ ቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ተንጠባጠበ።

በሩ ሲከፈት አልሰማችም። አባቷ ገብቶ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሳጥንና በአራት እግሯ የቆመች ልጁን ተራ በተራ አየ።

«ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«አንተ» አለችው።

ሰውየው ባለበት ቆመ። ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። የሚንቀጠቀጠው እጁ ሱሪው ላይ አረፈ፤ ጣቶቹ አንድ ባንድ ጨርቁን መጫን ጀመሩ። ሁለተኛው ዘፈን እስኪያልቅ ከበሩ አልተነቃነቀም። ከዚያ በድንገት ፊቱ ተለወጠ።

«ዝጊው። ሦስተኛው ላይ እንዳትደርሺ።»

«ለምን?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ሲሰድቡህ ዝም፤ ሲያወጡህም ዝም? ዝንቡማ ገብቶ ጎጆ ቀልሷል፣ አባባ!» አለችው። ቴፑን ግን ዘጋችው። ሳጥኑን ከወንበሩ ላይ አውርዳ ጥጉ ላይ አስቀመጠችውና ዕቃውን ሁሉ እንደ ነበረ ተወችው።

እሁድ ከሰዓት አጎቷ ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም ይዞ መጣ። ገና ከመቀመጡ ጥጉን አየና «ምንድን ነው? ማቀዝቀዣ ገዛችሁ እንዴ?» አለ።

«ከመፈረሙ በፊት አንዴ እንስማው ብዬ ነው፣ ጋሼ። ለስንብት።»

ስንብት ሲባል ደስ አለው። ካሴቱን ከፈተችው። አጎቷ የራሱን ድምፅ ሰምቶ ዓይኑ በራ። «ወይ ጉድ! ድምፄ እንዴት ነው እንዲህ የጠራው?»

«ሸክሙን ሌላ ሰው ተሸክሞልዎት ነው» አለችው።

ሁለተኛው አለቀ። አባቷ «ልጄ» አለ በቀስታ። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሦስተኛው ጀመረ።

የመጀመሪያው ግጥም በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ የዘፋኙ ድምፅ ጊዜው ሳይደርስ ዘሎ ገባ። በትንሿ ቴፕ ሲሰማ ይሄ ስሕተት ኖሮ አያውቅም። አሁን ግን ሁሉም ሰማው። ከሥር የሚራመደው ሰው አንድ እርምጃ ዋጠ፤ ዘለለ፤ ዘፋኙ ባረፈበት ቦታ ላይ ቀድሞ ተገኘ። ከበሮው እሱን ተከተለ፣ ሳክስፎኑም ከበሮውን። ዘፈኑ ምንም ያልሆነ ይመስል ቀጠለ።

የአጎቷ ፈገግታ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ቀንሺው» አለ። «በጣም ጮኸ። ቀንሺው!»

አባቷ ተነሣ። ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ቤት ውስጥ «ቀንሺው» የሚለው እሱ ነበር። ወደ ጥጉ ሄዶ ጎንበስ አለ፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ ማዞሪያዋን ሁለት ጊዜ ሳታት። ሁለቱም ጠበቁት። በሦስተኛው ያዛትና ጨመረው። ወለሉ ነዘረ። ከታች መጥረጊያው ደበደበ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየም።

«ቀድመህ ገባህ» አለ አባቷ ቀና ብሎ። «ደርሼ ያዝኩህ። ሌሎቹ ተከተሉኝ። እንደገና እንቅዳው ቢባል ትሸማቀቃለህ ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም። ሠላሳ ስምንት ዓመት! አሁን አውጡኝ። ያ ኪቦርድ ስትወድቅ ሲይዝህ አያለሁ።»

ዘፋኙ ወደ ሳጥኑ ዞረ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ዓይኑን ከጥቁሩ ሳጥን ላይ አልነቀለም። ሲያልቅ ያመጣውን ወረቀት አንሥቶ ለሁለት ቀደደው፤ አንዱን ቁራጭ ገልብጦ ባዶውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈ። የራሱን እስክሪብቶ ለማውጣት ኪሱን ዳበሰ፤ ቶሎ አላገኘውም።

«ሽፋኑ ላይ» አለ ድምፁ ቀጥኖ፤ «ስምህን ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ያወጣህልኝን» አለ አባቷ። «ምሰሶ ብለህ ጻፍ። ትልቅ አድርገህ።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደች።

«እስክሪብቶ አግኝተናል፣ ጋሼ» አለችው።