በወጡበት ማርሽ

ትርንጎን እልህ የሚያስጨርሳት ተማሪ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የገዛ አባቷ።

ቦንጋ ካሉት የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች በአንዱ ቲዎሪ የምታስተምረው እሷ ናት። ሞተር የት እንዳለ የማያውቅ ነጋዴ፣ ፍሬኑንና ነዳጅ መስጫውን የሚያምታታ መምህር፣ መሪ ሲይዝ ዓይኑን የሚጨፍን የቢሮ ኃላፊ፣ ሁሉንም ታግሣ ለፈተና አብቅታለች። ጋሽ ወልደሥላሴ ግን መጡና የትዕግሥቷን ጥግ አሳዩአት።

ሰውየው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሹፌር ናቸው። ፒካፓቸው ተበላሽታ ጓሮ ውስጥ ዶሮ ስታሳድር በከረመችባቸው ዓመታት መንጃ ፈቃዳቸው ጊዜው አለፈና፣ መኪናዋ ስትጠገን እሳቸው እንደ ጀማሪ ይፈተኑ ተባሉ። እያጉረመረሙ መጥተው የፊተኛው ወንበር ላይ ኮፍያቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ከዚያች ቀን ወዲህ ትርንጎ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትቋረጥ ጨርሳ አታውቅም።

«ፍሪሲዮን ማለት» ትላለች፣ የተፈታውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኝ ነው። ስንረግጠው ይለያያሉ፣ ስንለቀው ይገናኛሉ። እንደ ሽማግሌ ቁጠሩት። ባልና ሚስት ሲጣሉ ለጊዜው ለየት ያደርጋቸዋል፣ ሲበርድላቸው መልሶ ያገናኛቸዋል።»

«ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አይለይም» ይላሉ ጋሽ ወልደሥላሴ።

«ምሳሌ ነው እኮ አባባ።»

«ምሳሌውስ ቢሆን ልክ መሆን የለበትም?»

ክፍሉ ይስቃል። ዲፈረንሻል ላይ ስትደርስም እንዲሁ ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ሁለቱ በተለያየ ፍጥነት መዞር አለባቸው፣ ይህን የሚያደላድለው ዲፈረንሻል ነው ብላ በኖራ ሥላ ስታስረዳ፣ እሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው «ጎማው ራሱ ያውቃል፣ ማንም አይነግረው» ይላሉ። ቀለም መቁጠር የጀመሩት ትናንት፣ ክርክሩ ግን የሊቅ ነው።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። ያልተቻለው የፎሌው ጉዳይ ነው።

ፎሌ ማለት ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መኪናውን በክብደቱ ብቻ መልቀቅ ነው። ጋሽ ወልደሥላሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁልቁለት የወረዱት እንዲህ ነው። ናፍታ ለማግኘት ሰልፍ ላይ የሚታደርበት ዘመን ሲመጣማ ነገሩን እንደ ጥበብ ቆጠሩት። ከሁሉ የሚከፋው ጥበቡን ለወንድ ልጃቸው ማውረሳቸው ነው። የትርንጎ ታናሽ እንዳለ ከቢታ ገነት ወደ ቦንጋ በጭነት መኪና ቡና ያመላልሳል። ኩንታል ላይ ኩንታል ጭኖ፣ ያንን ሁሉ ቁልቁለት በፎሌ! ትርንጎ ይህን ባሰበች ቁጥር ትደውልለታለች። ተው ብትለው የሚመልሰው አንድ ነገር ነው። «እኔን መንዳት ያስተማሩኝ አባባ ናቸው። አንቺ የምትነጂው ጥቁር ሰሌዳ ነው።»

ስለዚህ ልጁን ለመመለስ አባትየውን መመለስ ነበረባት። ያን ትምህርት ለክፍሉ ያስተማረችው ቢመስልም ያስተማረችው ለአንድ ሰው ነው።

«መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ ሲወርድ» አለች አባቷን እያየች፣ «ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። እግራችንን ከነዳጅ ካነሳን ሞተሩ መዞር አይፈልግም፣ እንቢ ይላል። መኪናውን የሚይዝልን ያ እንቢታ ነው። ፎሌ ስናደርገው ግን ሞተሩና ጎማው ተለያዩ፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ወደቀ። የፍሬን ሸራው ሲፋተግ ይግላል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ ቁልቁለትን በምንወጣበት ማርሽ እንወርዳለን።»

«ናፍታውን ማን ይሞላልኛል?» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ።

«ማርሽ ውስጥ ሆነው እግርዎን ካነሱ እኮ ናፍታ አይወስድም! እንዲያውም በፎሌ ነው ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚጠጣው!»

«ተይ እንጂ ልጄ። እኔ ኪሴን አላውቅም?»

ትርንጎ ኖራውን ጠረጴዛ ላይ ወርውራ ወጣች።

የፈተናው ዕለት ግን ጉድ ታየ። ጋሽ ወልደሥላሴ አንድም ሳይስቱ አለፉ። በፎሌ መውረድ ምን ያስከትላል የሚለው ጥያቄ መጥቶላቸው በትክክል መልሰዋል። ትርንጎ ደስታዋ ወሰን አጣ። ገባቸው አለች፣ ዛሬ ማታ ለእንዳለ ይነግሩታል አለች። ሞኝነቷ!

ቅዳሜ ጠዋት አዲሱን መንጃ ፈቃድ ደረት ኪሳቸው ከትተው ሺሺንዳ ላለው ጓደኛቸው ለጋሽ ሀብተ ማርያም ሊያሳዩ ተነሡ። ትርንጎም አብራ ተሳፈረች። ሌሊቱን ዝናብ ስለጣለ ጫካው ገና ይንጠባጠባል። ረጅሙ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ወልደሥላሴ ፍሪሲዮኑን ረገጡ፣ የማርሹን እጀታ ወደ መሐል ሳብ አደረጉና ለቀቁት። የሞተሩ ድምፅ ለዘብ አለ። ፒካፗ ተንሸራተተች።

«አባባ!»

«ምነው?»

«ፈተናው ላይ ምን ብለው መለሱ?»

«ፈተናው ላይ ናፍታ አልገዛሁም» አሉና ሳቁ።

ትርንጎ የበሩን እጀታ ጨበጠች። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው፤ ችግሩ መከራው ሲመጣ አብራ መሳፈሯ ነው። እሳቸው በየኩርባው ፍሬን ይረግጣሉ፣ ይለቃሉ፣ ደግሞ ይረግጣሉ። ጥቂት ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተ።

«ሸራው ነው» አለች።

«ከሰል የሚያከስል ሰው ይሆናል።»

ቀጣዩ ኩርባ ላይ ረገጡ። ፔዳሉ ሰመጠ። ደግመው ረገጡ፣ ወለሉን ነካ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ እንደ ነበር ቀረ፣ ዓይናቸው ግን ተለወጠ። ከታች መንገዱን ሞልተው ከነፈረሶቻቸው ወደ ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ይታያሉ።

«ማርሽ! ማርሽ ያስገቡ አባባ! ጡሩምባውን አይልቀቁ!»

ጋሽ ወልደሥላሴ እልኸኛ ይሁኑ እንጂ እጃቸው የሹፌር እጅ ነው። ነዳጅ ሰጥተው ሞተሩን አስጮኹና ሦስተኛን አስገቡ። መኪናዋ እንደተያዘ በሬ ተንገጫገጨች። ሁለተኛ አደረጉ፣ ትርንጎ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ቀስ እያለች ሳበች። ሰዎቹ ፈረሶቻቸውን እየጎተቱ ወደ ቦዩ ዘለሉ። ፒካፗ እያቃሰተች ሄዳ ከመጨረሻው ፈረስ አጠገብ፣ ጭቃው ላይ ቆመች።

ገበያተኞቹ በካፊኖኖም በአማርኛም የልባቸውን ተናግረው አለፉ። ጋሽ ወልደሥላሴ ወረዱ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። እሳቸው ግን ሄደው ኮፈኑን ከፈቱ።

«ሞተሩ ምን አደረገ!» ብላ ጮኸች ትርንጎ። «ያዳነን እኮ እሱ ነው!»

«የዛሬ ጊዜ የፍሬን ዘይት እኮ ውሃ ነው» አሉ ኮፈኑ ውስጥ እንዳጎነበሱ።

በዚህ ጊዜ ነው እንዳለ ትዝ ያላት። ዛሬ ቢታ ገነት እየጫነ ነው። ይህች ባዶ ፒካፕ ናት፣ የእሱ ግን ቡና የተቆለለባት መኪና! ንዴቷ ሁሉ ወደ ፍርሃት ዞረ። «አባባ፣ ይደውሉለት» አለች። «እኔን አይሰማም። እርስዎን ነው የሚሰማው። ሳይነሳ ይደውሉለት።»

ጋሽ ወልደሥላሴ ጎማውን አዩ። ልጃቸውን አዩ። ስልካቸውን አውጥተው ኔትወርክ ፍለጋ ዳገቱን ጥቂት ወጡ፤ ትርንጎም ተከተለቻቸው። እንደ ልማዳቸው ድምፁን ለሁሉ ከፈቱት።

«እንዳለ! ተነሥተሃል?»

«እየጫንኩ ነው አባባ። ምነው?»

«ስትወርድ ፎሌ እንዳታደርግ።»

«ምን?»

«በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። መኪናውን የሚይዘው ሞተሩ ነው። ፍሬን ብቻ ካልክ ሸራው ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል። አረፋ አይገፋም።»

ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ ኖራ፣ ለካ አንዲት ቃል መሬት አልወደቀችም።

እንዳለ ሳቀ። «በፎሌ ውረድ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ?» ጋሽ ወልደሥላሴ ተቆጡ። «እኔ መቼ ነው እንዲህ ያልኩህ?»

«ኧረ አባባ! ትርንጎ አጠገብዎ ናት? ትርንጎ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂ! ማን ነው ያስተማረኝ?»

ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ኖራለች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አባቷ ወደ እሷ አልዞሩም፤ ቁልቁል መንገዱን እያዩ የኮፍያቸውን ጠርዝ ይነካካሉ። እውነቱን ብትናገር ሁለቱ ሲከራከሩ ስልኩ ይዘጋል፣ እንዳለም እየሳቀ በፎሌ ይመጣል።

«አባባ እንዲህ ብለው አያውቁም» አለች። «ድሮም ይከለክሉህ ነበር። አንተ ነህ ያልሰማህ።»

«እንዲያ ከሆነ... እሺ» አለ እንዳለ።

«በሥላሴ በል» አሉ አባቱ።

«በሥላሴ፣ በማርሽ እወርዳለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ወልደሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየሽ የዛሬ ልጅ? የነገሩትን አይሰማም።»

ትርንጎ ከንፈሯን ነከሰች። እግዚአብሔር ያውቃል፣ በሕይወቷ እንደዚያን ጊዜ መጮህ አምሯት አያውቅም።

ጎማዎቹ እስኪበርዱ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። በኋላ ፔዳሉን ቢሞክሩት ተመልሶ ጠንክሯል። ጋሽ ወልደሥላሴ ሞተሩን አስነሡና እጃቸውን ማርሹ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

«ትርንጎ።»

«አቤት።»

«ይቺን ስመለስ በስንተኛ ነው የምወጣት?»

«እኔ ምን አውቄ፣ የሚነዱት እርስዎ።»

«በሁለተኛ ነው» አሉ ቀስ ብለው፤ ሁለተኛም አስገቡ። ሞተሩ እስከ ታች ድረስ እያጉረመረመ ይዟቸው ወረደ። ናፍታው አለቀ፣ ጊዜው ሄደ እያሉ እሳቸውም አብረውት አጉረመረሙ፤ ትርንጎም አላረመቻቸውም።