ዙሁራ ያጠፋችው ጽሑፍ

ዙሁራ «ምን ይላል?» ስትለኝ «አላውቅም» ማለት ነበረብኝ።

በ2010 ዓ.ም. ሲቀላ በሚባለው ሰፈራችን በሚገኝ የቀበሌ አዳራሽ ማንበብና መጻፍ የምንማር አስራ አንድ ሴቶች ነበርን። ሁላችንም እናቶች ነን። እኔ የጀመርኩት የልጄን የኢያኤልን ደብተር ገልጬ ምን እንደምትማር ለማየት ብዬ ነው። አስተማሪያችን እድላዊት በዕድሜ ልጃችን ብትሆንም «ቲቸር» ነው የምንላት።

በሁለተኛው ዓመት እያንዳንዳችን ስለ ሕይወታችን እንድንጽፍና ተጠርዞ አንድ መጽሐፍ እንዲሆን አሰበች። የምንጽፈው ስልክ ላይ ነው። «በጋራ» የሚባል ፕሮግራም ጫነችልን፤ አንዷ የጻፈችውን ሌላዋ በራሷ ስልክ ከፍታ ታየዋለች፣ ስህተትም ካለ ታርመዋለች። እኔ ላንቴ በሚባል ገጠር ስላለው የአባቴ የሙዝ እርሻ እጽፍ ነበር። ዙሁራ አጠገቤ ተቀምጣ «ሙዙ በስሎ ሳይሸጥ አትጨርሺውም» እያለች ትስቅብኛለች። ባሏ ሚፍታ ከሞተ ጀምሮ የቅመም ሱቃቸውን የያዙት እሷና አንድ ልጇ ኑሀ ናቸው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ስልኮቻችንን ስንከፍት ረጅም ጽሑፍ ብቅ አለ። ፕሮግራሙ መታደሱንና ስለ ግል መረጃ አዲስ ደንብ መውጣቱን ይናገራል። ከታች «እስማማለሁ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለው። ቲቸር እድላዊት ስልክ ተደውሎላት ውጭ ነበረች። ሁለት መስመር አነበብኩ። ቃሉን አንድ በአንድ ማንበብስ አነበብኩት፤ ሲገጣጠም ግን ምን እንደሚል ጠፋኝ። ቤታችን የምንነጋገረው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛን ገበያ ላይ ነው የለመድኩት። «ቀደምት ቅጂዎች ለተሳታፊዎች ተደራሽ ይሆናሉ» የሚል ነገር ደግሞ ገበያ ላይ የሚናገር የለም።

ዙሁራ ስልኳን ወደ እኔ አዞረች። «የኢያኤል እናት፣ ምን ይላል?»

ባለፈው ሳምንት ቲቸር በሁሉም ፊት «እሷማ አንባቢ ሆናለች» ብላኝ ነበር። ያ ነገር ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

«ምንም አይልም፤ የተለመደው ነው። ተስማሚ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አንቺ ደግሞ! እኔስ ተስማምቼ የለ እንዴ?»

«እንግዲህ አንባቢዋ ካልሽ» አለችና ቁልፉን ነካችው።

የዚያን ቀን ዙሁራ ስልኳን በሻርፗ ከልላ ብዙ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ጥቂት አየችውና ከታች ወደ ላይ አጠፋችው።

«ምነው?» አልኳት።

«ለመጽሐፍ የሚሆን አይደለም። ከውስጤ ይውጣልኝ ብዬ ነው።»

ረቡዕ ለሱቋ ዕቃ ስለሚገባ ቀረች። ቲቸር እድላዊት በዚያ ቀን ከጽሑፉ ራስጌ አዲስ የወጣች የሰዓት ምልክት አሳየችን። ስትነካት ማክሰኞ ያጠፋሁት መስመር እንዳለ ተመልሶ መጣ። ሴቶቹ ጮኹ። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቋ «በስመአብ! ይኼንን ቁልፍ ባሌ እንዳያየው፤ አላልኩም ብዬ የካድኩትን ሁሉ ያወጣብኛል» ስትል አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ቲቸር ግን አልሳቀችም። «ሰኞ የተስማማችሁበት ደንብ ይኼ ነው። ያጠፋችሁትን ሌሎቹም ሊያዩት ይችላሉ። እንዳይታይ የምትፈልጉት ካለ ንገሩኝ፣ ከሥሩ አጠፋዋለሁ። ለዙሁራ ማን ይነግራታል?»

«እኔ» አልኩ። ሱቋ ሙዝ ከምሸጥበት መደብ ሃምሳ እርምጃ አይርቅም።

አልነገርኳትም። ረሳሁት ማለት በቻልኩ ደስ ባለኝ። አልረሳሁም። ከመንገሬ በፊት የጻፈችውን አንድ ጊዜ ማየት ፈልጌ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ገበያው ሲቀዘቅዝ መደቤ ላይ ተቀምጬ ስልኬን ከፈትኩ። ሰዓቷን ነካሁ። የዙሁራ ስም ያለበትን ሰኞን ነካሁ። ጽሑፉ መጣ።

እኔ በልቤ ማንበብ አልችልም። ድምፄን ካልሰማሁት ፊደሉ ቃል አይሆንልኝም። አንዱን ፊደል ስይዝ ደግሞ ያነበብኩት ነገር ትርጉሙ ዘግይቶ ነው የሚደርስልኝ።

«ከሁ... ከሁለት ዓመት በፊት። አንድ ሰው ደብ... ደብዳ...»

«ደብዳቤ» አለ ከኋላዬ የሰው ድምፅ።

ኑሀ ነበረች። «ሙዝ ልገዛ መጥቼ ትምህርት ቤት ገባሁ! በርቺ እትዬ፣ ቀጥይ።»

እዚያው ላይ ስልኩን መዝጋት ነበረብኝ። ግን «በርቺ» ስባል ደስ አለኝ። ደስታው ቀደመና ቀጠልኩ።

«ደብዳቤ አመጣ። ከሐዋሳ ነው፤ ልጅሽ ፈተናውን አል... አልፋለች፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች አለኝ።»

«የማን ልጅ ናት?» አለች ኑሀ። ድምፅዋ ውስጥ አሁንም ሳቅ ነበረ። «እኔም እኮ ያንን ፈተና ተፈትኜ ነበር፤ ወደቅሁ እንጂ።»

ያነበብኩት ነገር ያኔ ደረሰልኝ። ማንበቤን አቆምኩ፤ ስልኩን ግን አልዘጋሁትም። ኑሀ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ የቀረውን ራሷ አነበበችው። ከንፈሯ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ገና ያልደረስኩበትን እሷ ጨረሰችው። እኔ ያነበብኩት በኋላ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ማንበብ ስለማልችል ደብዳቤውን ገለባብጬ አየሁትና ከሰል ውስጥ ከተትኩት። ሚፍታ ከሞተ ሦስት ወሩ ነበር። ብቻዬን መቅረት ፈራሁ። ልጄ ወደቅሁ ብላ ስታለቅስ አቅፌ አይዞሽ አልኳት።»

«ኑሀ፣ ልጄ...» አልኩ።

«የእናቴ ስም እዚህ ተጽፏል» አለች። ሙዝ ሳትገዛ ሄደች። የሄደችውም ወደ ሱቃቸው አልነበረም፣ ወደ መናኸሪያው ነበር። ሃምሳ እርምጃ ሄጄ እናቷን መጥራት አቃተኝ። እስኪመሽ መንገዱን እያየሁ ቆየሁ። ሊጨልም ሲል ብቻዋን ስትመለስ አየኋትና አለቀስኩ።

ዓርብ ጠዋት ዙሁራ አዳራሹ ገብታ አልተቀመጠችም። ዓይኗ አብጧል። ቀጥ ብላ ቲቸር እድላዊት ፊት ቆመች።

«ምን አድርጌሽ ነው? ያጠፋሁትን አውጥተሽ ለልጄ ያሳየሻት አንቺ ነሽ። ማታ የደብዳቤውን ነገር አነሳችብኝ፤ ማን አሳየሽ ብላት አልናገርም አለች።»

«እኔ ምንም አላሳየሁም፣ እትዬ ዙሁራ። ረቡዕ እንዲነግሩሽ...» አለችና ቲቸር ወደ እኔ አየች።

ያን ጊዜ መነሳት ነበረብኝ። አንገቴን ደፍቼ ስልኬን ማየት ያዝኩ። ኑሀ ልጅ ሆና ደብቃኛለች፤ ቲቸርም ስሜን አልጠራችም። እኔ ብቻ ነበርኩ ራሴን መጥራት የሚገባኝ።

«ከሰዓት የመንግሥት ቢሮ ሲከፈት ላይኛው ከተማ ሴቻ ወጥቼ እከስሻለሁ» አለች ዙሁራ። «ሁለተኛ የሰው እናት አታስተምሪም።» ወጥታ ሄደች።

ቲቸር ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረች። ትምህርቱ እስኪያልቅ አንድም ቃል አላነበብኩም።

ሰባት ሰዓት ላይ ዙሁራ ሱቋን ልትዘጋ ስትል ደረስኩ። ቦርሳዋን አንግታለች።

«ቲቸር አይደለችም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

«ምን እኔ ነኝ?»

ሁሉንም ነገርኳት። ደንቡን ሳይገባኝ ተስማሚ ማለቴን፣ የሰዓቷን ነገር መደበቄን፣ መደቤ ላይ ማንበቤን። ስናገር ዓይኔን ከእግሯ ላይ አላነሳሁም።

«ጮክ ብለሽ?» አለች።

«ጮክ ብዬ።»

«ለካ አንባቢ እንዲህ ነው።» ባንኮኒው ላይ ተደገፈች። «ኑሀ ስታነበው ፊቷ ምን ይመስል ነበር?»

«አላለቀሰችም። የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ ነበር።»

«ስትጎዳ እንደዚያ ነው የምታደርገው።» ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ይቅርታ ልትይኝ ነው አይደል? ቆይ፣ አትበይኝ። ደብዳቤውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ከማንም ጋር አልካፈለውም። ግን ራሴ ልነግራት ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ነው፣ ከየት እንደምጀምር እንዲገባኝ። ከእኔ አፍ መስማት ነበረባት። አንቺ የወሰድሽብኝ እሱን ነው።»

ኢያኤል በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ፈተና ትፈተናለች። ሰሞኑን ብትወድቅ ብዬ የተመኘሁበት ቀን እንዳለ ለዙሁራ ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። ብናገረው ሸክሟን ለማቅለል ሳይሆን የራሴን ለማቅለል እንደሆነ ገባኝ።

ኑሀ የምሳ ሰሃን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ከትናንት ማታው ጠብ ወዲህ እናትና ልጅ እንዳልተነጋገሩ ሰሃኑን ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጥ አየሁ፤ እጇ ከእናቷ እጅ እንዳይነካ ተጠንቅቃ ነበር።

«እኔ አልተናገርኩም፣ እትዬ» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ራሴ ነው የነገርኳት።»

ወደ እናቷ ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ «ደብዳቤው ላይ ስሜ ተጽፎ ነበር?» አለች።

ዙሁራ አፏን ስትከፍት ጆሮዬ ለመስማት ሲቆም ተሰማኝ። መልሱን ሳልሰማ ከሱቁ ወጣሁና ወደ አዳራሹ ሮጥኩ። ስደርስ ቲቸር እድላዊት በሩን እየቆለፈች ነበር።

«ቲቸር፣ አንዴ ቆዪኝ፤ ጠዋት ተነስቼ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ» አልኳት።