እናቴ የመረጠችው ካሜራ

ወንድሜ ክንፉ ባለፈው ዓመት ከሥራ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተ። የቤታችን ፎቶ አንሺ እሱ ነበር፤ እኛ በምንታይበት ፎቶ ሁሉ እሱ የለም። የራሱን ምስሎች ስልኩ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጣቸው፤ የስልኩን የምስጢር ቁጥር ደግሞ ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። በአቅራቢያችን ካሉት ከቲራት ካርሜልና ከነሸር ከተሞች ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ዘመዶች ፎቶውን ሲጠይቁ፣ እናቴ ስንዱ ያገኘችው የፋብሪካ መታወቂያ ካርዱን ብቻ ነበር። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አሮጊቶቹ ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ አለቀሱበት።

ስለዚህ እናቴ «ካሜራ እንግዛ፤ የስልኩን ሳይሆን ራሱን ካሜራውን» ስትለኝ ደስ አለኝ። ሐዘኗ ጥቂት ለቀቅ አድርጓት፣ ቤታችን ዳግም የተራ ቀናት ፎቶ ሊኖረው ነው ብዬ አመንኩ። ለፈተና እንደሚዘጋጅ ሰው አነበብኩ። በደብዛዛ ብርሃን የእኛን ፊት አጥርቶ የሚያነሣው የትኛው እንደሆነ፣ ለእጇ የሚቀልላት የትኛው እንደሆነ አመዛዘንኩ። ከዚያም ከሰፈራችን ከክርያት ሐይም በባቡር መሐል ከተማ ወዳለ የካሜራ ሱቅ ሄድን።

ሻጩ ሃሬል የእኛው የሐበሻ ልጅ ነው፤ ግን እዚሁ ተወልዶ በዕብራይስጥ ያደገ።

«ምን ፈለግሽ፣ እናት?» አላት።

«ፈለግሽ? እናትህንም እንዲህ ነው የምታናግራት?»

«እናቴንማ በዕብራይስጥ ነው የማከብራት!»

እናቴ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ሃሬል ሁለት ትንንሽ ካሜራዎች አወጣ። ስለ ሌንሳቸው ማስረዳት ስጀምር እናቴ አቋረጠችኝ።

«ይህ የምስጢር ቁጥር አለው?»

«የለውም። ፎቶው የሚቀመጥበትን ሚሞሪ ካርድ አውጥቶ ማንም ያያል።»

«እኔ ብሞትስ? ይህች ልጄ ብትሞትስ?»

«ኧረ እግዚአብሔር አያድርገው!» አለ ሃሬል ደንግጦ። «ይከፈታል፣ እናት። ቤሰደር፣ እሺ? ሁልጊዜ ይከፈታል።»

እኔ የመረጥኩት ካሜራ ፎቶውን በቀጥታ ወደ ስልክ ይልክ ነበር። እሷ ግን ስልክ የሚባል ነገር እንዲነካው አልፈለገችም፤ ሌላኛውን ያዘች።

ቤት እንደደረስን ካሜራውን አዘጋጅቼ ሰጠኋት። ሶፋው ላይ ያንቀላፋውን አባቴን ታነሣለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ነጩን ቀሚስሽን ልበሺ፣ ኦዲያ። ነጠላም ጣል አድርጊበት» አለችኝ። ባዶው ግድግዳ ፊት አቆመችኝ።

«እማ፣ ወጥ ቤት ብሆንስ? እንዲያው ሥራ ላይ እንዳለሁ?»

«ቀጥ በይ። አትሳቂ። ፊትሽ ሙሉው ይታይ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በመጪው ወር፣ የአገሩ ሕግ ሴቱንም ወንዱንም እንደሚያዘው፣ ወደ ውትድርና እገባለሁ።

«እማ... ይህ ለለቅሶ ነው?»

ካሜራውን ከፊቷ አላወረደችም። «ወንድምሽን በመታወቂያ ካርድ አልቅሼ ሸኘሁት» አለች። «ሌላ ልጄን እንዲያ አላደርግም።»

ልከራከራት እችል ነበር። ስለ ተስፋ የሚናገር፣ በጥሩ ሁኔታ የተሰካካ ንግግር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዋጥኩት። ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ትከሻዬን አቀናሁ፣ ቁልፉን እስክትጫን ድረስም ዓይኔን ካሜራው ላይ ተክዬ ጠበቅኋት።

አነሣችኝ። ምስሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

«ጥሩ ነው» አለች። «አሁን እንደ ልብሽ ሳቂ።»

ለእሷ ብዬ ሞከርኩ። ካሜራውን ግን አጥፍታው ነበር።