የትል ውሃ የጠጣ ደጅ

ማቴዎስ የሞተው መስከረም ፲፱ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ገነቴ ሰዓቱን የያዘችው ከጎረቤት ሬዲዮ ነበር፤ የባሏ ትንፋሽ ሲቆም ዜናው ሊጀምር ነበር። ከግድግዳው ማዶ፣ ደጁን ሞልቶ፣ ባቄላው አብቧል።

ጭንቁም ይኸው ባቄላ ሆነ። በሌሞ አገር ለቅሶ የሚቆመው በሟቹ ደጅ ነው። ከቤት ፊት ለፊት ያለው ሣር ለዚያ ይተዋል እንጂ አይታረስም። ማቴዎስ ግን አረሰው። በመንደር ምሥረታው ከአባቱ ቦታ ሲነሡ እንሰቱ እዚያው ቀርቷል፤ በአዲሱ መንደር የደረሳቸው መሬት ከደጅ አያልፍም፤ እሱም ቀይና የተሟጠጠ ነው። ማዳበሪያ የሚደርሰው ደግሞ ለአምራቾች ማኅበር አባላት ነበር።

ስለዚህ ችግኝ ጣቢያ በቀን ሥራ ሲውል ያየውን ሞከረ። ሥሩ የተበሳ ገንቦ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። መጀመሪያ ጠጠር፣ ከዚያ ፍግና የበሰበሰ የእንሰት ቅጠል ሞላበት፤ ከአሮጌው ጓሮ ቆፍሮ ያመጣቸውን ቀያይ ትሎችም ለቀቀበት። ከላይ ውሃ ሲያርከፈክፍበት ከሥር ጠላ የመሰለ ውሃ ጣሳው ላይ ይንጠባጠባል። እሱን አቅጥኖ ባቄላውን ያጠጣል።

የእድሩ ሰብሳቢ ጠና በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ይተርበው ነበር።

“ለቅሶ ሲመጣ የት ልንቆም ነው? ትሎችህ ላይ?”

“እሸቱ እስኪደርስ ማንም እንዳይሞት ንገርልኝ” አለው ማቴዎስ።

ሁለቱም ሳቁ። ማቴዎስን ግን ያኔም ሳል ጀምሮት ነበር።

ነሐሴ ሲያልቅ ከመደብ መነሣት አቃተው። ገንቦውን ገነቴ ተረከበች። ጠዋት ጠዋት ባቄላው የት እንደ ደረሰ ይጠይቃታል፤ ጉልበቷ ጋ ሲሆን ጉልበቴ ጋ፣ ወገቧ ጋ ሲሆን ወገቤ ጋ ትለዋለች። ሊሞት ሰሞን እጇን ያዘና፣ “ደጁን አታስረግጪ” አላት። “ልጆቹ ሌላ የላቸውም። ቢጠይቁሽ እሱ ነው ያለው በይ።”

ለቀስተኛው ከጃጁራ በኩል መጣ። ከፊት የማቴዎስ ታላቅ እህት ትርፊት ነበረች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ድምፅዋ ገና ከሩቅ ተዘግቷል። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ቆመ። ጸሎት ቤቱን መንግሥት ካሸገው ሰንብቷል፤ ሌላ መሰብሰቢያ የለም። ጠና ቀረብ ብሎ፣ ሰው እየጠበቀ ነው ክፈቺልን፣ ሲል በዝግታ ለመናት። ገነቴ የአጥሩ በር ላይ ቆማ፣ ለቅሶው መንገዱ ላይ ይሁንልኝ አለች።

ትርፊት ማልቀሷን ተወች።

“ወንድሜ ቤት እንደሌለው መንገድ ዳር ይለቀስለት? ይህን ያለው እሱ ነው ወይስ አንቺ?”

መልሱ ገነቴ አፍ ውስጥ ነበር፤ ማቴዎስ ራሱ አስቀምጦላታል። ግን እሱ ነው ብትል፣ ማቴዎስ ከወገኑ እንባ ባቄላ የመረጠ ሰው ተብሎ ሊቀር ነው። ሬሳው ደግሞ ገና ከቤት አልወጣም።

“እኔ ነኝ፣ እትዬ” አለች።

መንገድ ላይ ተለቀሰለት። በጋሪ የሚያልፈው ሁሉ ፈረሱን እየያዘ ቆመ።

በማግስቱ ሰው ሳይነሣ ገነቴ ጣሳዋን ይዛ ወጣች፤ አበባ የያዘ ባቄላ ሐዘን ነው ብሎ አይጠብቅም። እንባዋ እየወረደ፣ እያንዳንዱ ሥር ላይ ጥቂት ጥቂት ስታፈስ ቀና ብትል ትርፊት በሩ ላይ ቆማለች። ነጠላዋን ተከናንባ መንገዷን ያዘች።

በኅዳር የመጀመሪያውን እሸት ገነቴ በቅርጫት አድርጋ በጠና እጅ ለትርፊት ወደ ጃጁራ ላከች። ቅርጫቱ እንደ ሄደ ተመለሰ፤ ቅጠሉ ብቻ ጠውልጓል። ጠና ትርፊት ያለችውን ለመናገር አፈረ፤ ገነቴም አልጠየቀችውም።

ባቄላው ታኅሣሥ ላይ ታጨደ፤ ልጆቹም በልተውት ከረሙ። ትርፊት እስክትሞት ድረስ ያንን ደጅ አልረገጠችም።