የጋሼ ልክ ፎልደር

ሕንፃ የምንነድፍ ሰዎች ነን። የቢሯችን ፋይሎች የሚቀመጡበትን ክላውድ የምትጠብቀውን ልጅ «መጥረጊያ» እንላታለን። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ፊት ለፊቷ ስለምቀመጥ ስትጠርግ የማየው እኔ ነኛ! አንድ ሰው ከሥራ ሲለይ አካውንቱ ይዘጋል፣ የግል ፎልደሩ ለጊዜው ይቆይና ይጠፋል። ድሮ ዓመት ሙሉ ይቆይ ነበር። መጥረጊያ ግን ቦታው ሞላ፣ ሁሉ ነገር ተንቀራፈፈ ብላ ወደ ሁለት ወር አወረደችው። ያን ጊዜ ሁላችንም አጨበጨብን። ዛሬ «እኔ አላጨበጨብኩም» የሚል ካለ ዐይኑን እያየሁ ውሸታም እለዋለሁ።

ጋሼ ልክ የንድፍ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ቅጽል ስማቸው የመጣው ሥራ ባዩ ቁጥር «ልክ ነው? እርግጠኛ ነህ ልክ ነው?» ከማለታቸው ነው። ልክ ካልሆነ ከእጃቸው ወረቀት አይወጣም። አንድ ጠዋት ደረቴን አመመኝ ብለው ወደ ቤት ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ቢሮው በሙሉ ቀብር ወጣ፣ ቢሮው በሙሉ አለቀሰ። የመሥሪያ ቤቱ ሥራዎች የጋራ ፎልደር ውስጥ ስለነበሩ ምንም አልጎደለብንም። የግላቸውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ጥቂት ወራት አልፈው ባለቤታቸው አንድ ጠዋት መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። መጥረጊያ ብድግ ብላ ወንበር ሳበችላቸው።

«ይቅርታ ልጄ፣ ሥራ አስፈታኋችሁ» አሉ። «የቤታችንን ፕላን ፈልጌ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ እዚህ ቁጭ ብሎ ይሠራው ነበር።»

ነገሩን አስረዱን። ባልና ሚስቱ ከኪራይ ለመውጣት ቤት ጀምረው ነበር። ጋሼ ልክ ለግንበኛው አትመው የሰጡት የመሠረቱን ብቻ ነው፤ የቀረውን «ገና ልክ አልሆነም» እያሉ አቆይተውታል። አሁን መሠረቱ አልቆ ግድግዳው ጉልበት ደርሷል። ግንበኛውም «ወይ ፕላኑን አምጡ፣ ወይ እንደመሰለኝ ልሥራው» ብሎ ቆሟል።

«ቀደም ብዬ መምጣት ነበረብኝ። ወንበሩን ባዶውን ማየት አቅቶኝ ነው» አሉ።

አንጀቴን በሉት። መጥረጊያ ግን ፈገግ አለች።

«አይስጉ እትዬ። ፎልደር ከመጥፋቱ በፊት ሲስተሙ ለሰውየው አለቃ ደጋግሞ ማስጠንቀቂያ ይልካል። አለቃው ‹ይቆይ› ካለ ይቆያል።»

ፈለገች። ፎልደሩ የለም። የተሰረዘ ነገር የሚቆይበትን ቅርጫት ከፈተች፤ ባዶ ነው። ክላውዱን ወደሚያከራየን ኩባንያ ደወለች፤ አንድ ትሑት ድምፅ ከቅርጫቱ ከወጣ በኋላ እነሱም ጋ እንደማይገኝ ነገራት። ለሌላ ሰው አጋርተውት ይሆናል ብላ ደግሞ ፈለገች። ጋሼ ልክ ያላለቀ ሥራ ለማን ሊያጋሩ! ኮምፒውተራቸውም ከላዩ ያለው ሁሉ ጠፍቶ ከእሳቸው በኋላ ለተቀጠረች አዲስ ነዳፊ ተሰጥቷል።

«ማስጠንቀቂያው ለማን ነው የሄደው?» አልኳት ቆሽቴ አርሮ። እያየ ዝም ያለውን አለቃ አንገቱን ለማነቅ ነበር ሐሳቤ።

አድራሻውን አወጣችና ፊቷ ተለዋወጠ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። አካውንት ሲከፈት «አለቃ» የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ ሲስተሙ አይቀበልም። የጋሼ ልክ አለቃ የሆኑት ሥራ አስኪያጁ ደግሞ «በየቀኑ ኢሜይል አታዝንቡብኝ» ስላሉ፣ በአለቃው ቦታ የጋሼ ልክን የራሳቸውን ስም ሞልተን ነበር። ስቀንም ነበር። ሲስተሙ እንግዲህ ደጋግሞ የጠየቀው ሟቹን ነው፤ «ፋይሎቹ ሊጠፉ ነው፣ ይቆዩ?» እያለ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በእኛ ሲስተም ግን ዝምታ «ይጥፋ» ማለት ነው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት እትዬ» አለች መጥረጊያ። «ጊዜውን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። እንደ ድሮው ቢሆን ዛሬ አትሜ እሰጥዎት ነበር።» እንባዋ ቀደማት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት እኛን ነው። አንዳችንም በጊዜው አልጮኽንም።

«አታልቅሺ ልጄ፣ አውቀሽ አላደረግሽውም» አሉና ጀርባዋን ዳበሱላት። ይባስ ብሎ እሳቸው አጽናኗት።

እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። አዲሷን ነዳፊ ጠርቼ መጣሁ፤ እንደገና እንሥራላቸው፣ ቢያንስ ይህን እናድርግ ብዬ ነው። ልጅቷ ሰፊ ወረቀት ዘረጋችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ግድ የለም እትዬ፣ እሳቸው እንዳሰቡት አድርገን እንሠራዋለን። የሚያስታውሱትን ብቻ ይንገሩኝ። መኝታ ቤቱ በየት በኩል ነበር? መስኮቱስ?»

እትዬ የወረቀቱን ጫፍ በእጃቸው አቃኑት።

«አላውቅም» አሉ። «ማታ ማታ ይጠይቀኝ ነበር። ‹መስኮቱ በየት በኩል ይሁንልሽ? ጓዳው ይስፋልሽ?› ይለኛል። እኔ ደግሞ ደክሞኝ ‹እንደፈለግህ አድርገው› እለዋለሁ።»

ነዳፊዋ እርሳሷን አስቀመጠች።

«አንድ ቀን እንኳ ‹እስቲ አሳየኝ› ብዬው አላውቅም» አሉ፤ ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመሩት።