የታሰረው አውራ ጣት

«ዛሬም ፈርሚ ካለኝ እምቢ ነው የምለው፣ እማማ» አለች ሙሉብርሃን ሹራቧን እየደረበች።

ሙላቷ የያዘችውን የቁርስ ሳህን አስቀመጠች። የልጅ ልጇ መሬት ጽሕፈት ቤት ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም። አለቃዋ አቶ ስማቸው «እማሆይ ወለተ ሥላሴ ፊቴ ቀርበው መሬታቸውን ለአቶ ፈንታ ሰጥተዋል፤ አሻራቸውንም አኑረዋል ብለሽ ፈርሚ» ካላት ሳምንቷ ነው። ፈንታ የሚስቱ ወንድም ነው። እማሆይ ደግሞ ከተቀበሩ ሁለት ወር አልፏል። «ቀኑን ወደ ኋላ እንጽፈዋለን። እምቢ ካልሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ» ብሏታል።

«ፈርሚና ተገላገይ እንጂ! እናትሽን ቀብሬ ያሳደግሁሽ ደጅ ስትጠኚ ላይሽ ነው? ሴትዮዋ እንደሆነች ዘር የላት፣ ማን ይጠይቅሻል?»

«እርስዎ ይህን ይሉኛል? የገነዟቸው እርስዎ አይደሉ? ሁለቱን አውራ ጣታቸውን በክር ያሰሩት?»

ልጅቷ ቁርሷን ሳትቀምስ ወጣች።

እስከ ረፋዱ ድረስ ሙላቷ አንዴ ትነሳለች፣ አንዴ ትቀመጣለች። ያቺ ልጅ አፏ አያርፍም፤ ሰውየውን አፍ ለአፍ ትመልስለታለች፤ ከዚያስ? በመጨረሻ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። እግሩ ላይ ወድቃም ቢሆን ትለምነዋለች።

ከጮቄ ተራራ የወረደው ጉም መንገዱን ውጦታል። ቀን ቢሆንም ሰው አይታይም። ከኋላዋ መቋሚያ ድንጋይ ሲመታ ሰማች። ቆመች፤ ቆመ። ተራመደች፤ ተከተላት። እማሆይ ቀኝ እግራቸውን ስለሚያማቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው አንዱን እርምጃ ረዘም፣ አንዱን አጠር ያደርጉ ነበር። ይህም እንደዚያው ነው። «በስመ አብ!» ብላ ፈጠነች።

ቢሮው ውስጥ ሙሉብርሃን ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ስማቸው እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር ደብቆ ተቀምጧል።

«ደግሞ አያትሽን ጠራሽብኝ?» አላት።

«አልጠራችኝም፣ ጌታው። ልጅ ናት፣ ይማሯት፤ እኔ መክሬ...»

«ይምከሯት እንጂ! ወረቀቱ ያውላችሁ።»

ጠረጴዛው ላይ አምስት ወረቀት ተበትኗል። በየወረቀቱ አንድ ሰማያዊ አሻራ አለ። አሻራውን ከዳር እዳር ቀጭን ነጭ መስመር ቆርጦታል፤ እንደ ክር የተገመደ። መሐሉ ላይ ጤፍ የምታክል ነጥብ አለች።

ሙላቷ አንዱን ወረቀት አንስታ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። በግንዘቱ ዕለት ራሷ የፈተለችው ክር ተበጥሶባት፣ በእማሆይ ቀኝ አውራ ጣት ሆድ ላይ ቋጥራ ነበር የቀጠለችው። ያንን ቋጠሮ ከሷና ከመቃብሩ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ይህ የማን አሻራ ነው?» አለች።

«የኔ ነው» አለ ስማቸው፤ ድምፁ ተሰብሯል። «በሳቸው ስም የመታሁት የገዛ ጣቴ ነው! ታጥቤ ደግሜ ብመታውም ይኸው ነው።»

«አምስቴ ሲመታ አይቻለሁ» አለች ሙሉብርሃን በሹክሹክታ።

እጆቹን አወጣቸው። ሁለቱ አውራ ጣቶች ጎን ለጎን ተጣብቀዋል። ክር የለም። የታሰሩበት ስርጉድ ብቻ ዙሪያቸውን ይታያል፤ ከሱ በላይ ጫፋቸው ጠቁሯል።

«እርስዎ ከሆኑ ያሰሩት፣ እናቴ፣ ይፍቱልኝ።»

ሙላቷ እጇን ዘርግታ ነካችው። ያን ቅዝቃዜ ታውቀዋለች።

«እኔ ያሰርሁት የሳቸውን ነው፣ ልጄ። ያንተን እኔ አላሰርሁትም፤ አልፈታውም።» ከዚያ ልትለምነው የመጣችውን ነገር ሁሉ ረስታ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ሙሉዬ፣ እንዳትፈርሚ። ነይ፣ እንሂድ።»

«ከወጣች ተባረረች!»

«ትባረር።»

ክንዷን ይዛ ወደ ጉሙ አወጣቻት። ብዙም ሳይርቁ መቋሚያው ከፊት ለፊታቸው ተሰማ፤ ረዘም፣ አጠር። ምንም ሳይታይ በአጠገባቸው አለፈ። ሙላቷ የልጅቷን ፊት በነጠላዋ ከልላ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

ከኋላቸው የቢሮው በር ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

«ይግቡ» የሚል የስማቸው ድምፅ ተሰማ፤ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ።